ልዩ ልዩ ወጪ

በ1984 ዓ.ም. ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው የሁለታችንም ዘር ተቆጠረ። የዛሬው ባሌ ወገን ከአባት ጀምሮ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ሰባት ቤት ወጣ፤ የእኛም ወገን እንደዚሁ። የትም ላይ አልተገናኘንም። ዝምድና የለም ተባለና ሁሉም እፎይ አለ። ሥራው ተጠየቀ፤ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነው ተባለ። አገሩ ተጠየቀ፣ ሃይማኖቱ ተጠየቀ። እናቴ ጓዳ ሆና ስትሰማ ከቆየች በኋላ በመጋረጃው ሥር “ዓመሉስ?” አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋቢ የደረቡ ረጅም ሰውዬ፣ “ዓመሉማ የመልአክ ነው!” ብለው መለሱላት። እኚህ ሰው ከባሌ ጋር አንድ ሌሊት እንኳ አድረው አያውቁም።

እኔ ግን አደርኩ።

ስንጋባ የገባነው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በተከራየናት አንዲት ሰርቪስ ቤት ነው። አንድ ክፍል ናት፤ መሐሏን በመጋረጃ ከፍለን ግማሿን ሳሎን፣ ግማሿን መኝታ ቤት አልናት። አከራያችን አምፖል ቆጥረው የሚያስከፍሉ፣ እኛ ቤት ካውያ ሲሰካ ቆጣሪው ሲሮጥ ከግቢው ማዶ የሚሰማቸው ሴት ነበሩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ማብራት በእሳቸው ዘንድ ብክነት ብቻ ሳይሆን ብልግናም ነው።

መልሱም ቅልቅሉም አልቆ፣ የሠርጉ ግርግር ጋብ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ሌሊት ብነቃ አጠገቤ ሰው የለም። መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። ባሌ ሻማ አብርቶ፣ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ፣ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ይሰርዛል፤ እንደገና ይጽፋል። ልቤ ድንግጥ አለ። አዲስ ሙሽራ ባሏን በእኩለ ሌሊት ሲጽፍ ብታገኘው ምን ታስባለች? ወይ የድሮ ወዳጅ ደብዳቤ ነው፣ ወይ ክታብ ነው።

“ምን ሆነህ ነው?” አልኩት።

“ስሙኒ ጎደለችኝ።”

“የምን ስሙኒ?”

“ጠዋት አምስት ብር ይዘሽ ወጣሽ። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ክብሪት ገዛሽ። መልሱን ብቆጥረው፣ ብቆጥረው ስሙኒ ይጎድላል።”

ትንሽ አሰብኩ። “እንዴ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለነዳያን ሰጠኋታ።”

“ታዲያ እንዲህ አትይኝም!” አለና “ለነዳያን፣ 0.25” ብሎ ጻፈ። ከሥሩ በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመረ፤ ሻማውን እፍ አለ። ገና ጋደም ከማለቱ አንኮራፋ። እኔ ግን እስኪነጋ ዓይኔ አልተከደነም። የመልአክ ዓመል ይህ ከሆነ ሰማይ ቤት በየምሽቱ ሒሳብ ይዘጋል ማለት ነው እያልኩ ሳስብ አደርኩ።

ባንክ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ያን ጊዜ የእሱ ቅርንጫፍ ኮምፒውተር የለውም፤ ሁሉም ነገር በእጅና በመዝገብ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ እጅ ላይ ያለው ጥሬ ብርና መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠመ ማንም ንቅንቅ አይልም። አንዲት ብር ጠፍታ ሙሉ ሠራተኛ እስኪመሽ ታስቀምጣለች። ካልተገኘችም ከፋዩ ከኪሱ ይተካል። ባሌ ከባንክ ወደ ቤት ሲመጣ ሌላው ሰው ካፖርቱን እንደሚያወልቅ ይህን ጭንቀቱን አያወልቅም ነበር። የቤታችን ወጪ እያንዳንዱ ሳንቲም ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ጤፍ፣ በርበሬ፣ የቤት ኪራይ፣ የአውቶቡስ፣ የዕድር፤ መደብ ያልተገኘለት ሁሉ ደግሞ “ልዩ ልዩ” በሚለው ሥር ይገባል።

“እኔ ግን ጤነኛ ነበርኩ” ብዬ እንዳልጽፍ ሰውዬው ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ ያነብባል። የሦስተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልጠፋም። ግድፈት ካየሁ እጄ አይታዘዘኝም። የሠርግ መጥሪያ ካርድ አርሜ ለባለ ሠርጉ አባት መልሼላቸው አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት የተጠራሁት ለለቅሶ ብቻ ነው። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ትርፎቹ ይቀነሱ የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። ይበሉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ የኔታ “በእሳቱ ሰ” የሚጻፈውን “በንጉሡ ሠ” የጻፈ ልጅ ምን ያገኘው እንደነበር አይቻለሁ።

ስለዚህ ደብተሩ እጄ እንደገባ የሚሆነው ሆነ። ባሌ ቁጥር ላይ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም፤ ፊደል ላይ ግን ለወሬ ነጋሪ የሚተርፍ የለውም። በየሳምንቱ “ሀሙስ” ይላል፤ በየሳምንቱ “ኀሙስ” ብዬ እመልስለታለሁ። እሱ በሰማያዊ ይጽፋል፤ እኔ በቀይ አርማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ተናደደ። “ይህ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ በሌላ ቀለም አይነካም፤ ኦዲተር ቢያየው ምን ይላል?” አለኝ። የትኛው ኦዲተር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ መጥቶ የሽንኩርታችንን ሒሳብ እንደሚመረምር ብጠይቀው መልስ አልነበረውም። ቆይቶ ግን በየመስመሩ መሐል ክፍት ቦታ መተው ጀመረ። ለእኔ እርማት መሆኑ ነው። በእሱ ሥርዓት ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል የለም።

ኩርፊያችን ደግሞ የራሱ ወግ ነበረው። እኔ ስናደድ አልጮህም። አንቱ እላለሁ። ከማን እንደወረስኩት አላውቅም፤ ብቻ ንዴቴ ከተወሰነ በላይ ሲወጣ አንደበቴ በራሱ ጊዜ ወደ አክብሮት ይሸጋገራል።

አንድ ጊዜ ባሌ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ለስንት ቀን ምድጃ እንደሚበቃ ለማወቅ ፈለገ። ሐሳቡ መልካም ነው። መለኪያ ብሎ ያነሣው ግን እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን፣ ጠርዛቸው ወርቅ ቅብ የሆነውን፣ ቡፌው ውስጥ ከመስታወቱ ኋላ የደረደርኳቸውን ሲኒዎች ነው። እነዚያ ሲኒዎች የእንግዳ ናቸው። የእንግዳ ስል ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚወጡ እንዳይመስላችሁ። ለጎረቤት አይወጡም፤ ለእህቴ አይወጡም፤ እኔ ራሴ አንድም ቀን ቡና ጠጥቼባቸው አላውቅም። አንድ ታላቅ እንግዳ ሊመጣ ይችላል። እስካሁን አልመጣም፤ ቢመጣ ግን ዝግጁ ነኝ። እንግዲህ ከሥራ ስመለስ ከነዚያ ሲኒዎች አንዱ በነጭ ጋዝ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ደብተሩ ተዘርግቷል።

ምንም አልተናገርኩም። እራት አቀረብኩና “ይምጡ፣ ይታጠቡ” አልኩት።

አንገቱን ቀና አደረገ። ያኔ ገባው።

“ሲኒውን እኮ በደንብ አጥቤ…”

“ግድ የለም፣ ይብሉ። ወጡ ይቀዘቅዝብዎታል።”

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። “ካፖርትዎን ይልበሱ፣ ዝናብ ነው።” “ቁልፉን የት አስቀመጡት?” “ደህና ይዋሉ።” እሱም አንገቱን ደፍቶ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” እያለ ይወጣል። በሁለተኛው ቀን አከራያችን ግቢ ውስጥ አስቆሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “የኔ ልጅ፣ ያሳደጉሽ ይባረኩ! በዚህ ዘመን ባሏን አንቱ የምትል ሴት አየሁ!” ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ወሬው በዕድሩ ሴቶች ዘንድ ተዳረሰ። ከጎረቤቶቻችን አንዲቱ እናት ምራታቸውን “ሂጂና ከእሷ ጨዋነት ተማሪ” እንዳሏት ምራቲቱ ራሷ ነገረችኝ። ልጅቱ እያፈረች መጥታ “እትዬ፣ አንቱ ማለቱ እንዴት ለመደልዎ?” ብትለኝ፣ “ሲኒሽን ነጭ ጋዝ ይቅዳበትና ታዪዋለሽ” አልኳት። ከዚያ ወዲያ ቡና የምንጠራራ ወዳጆች ሆንን።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ገለጥኩ። ባኮርፍም እርማት አላቋርጥም፤ ሥራ ሥራ ነው። “ልዩ ልዩ” በሚለው ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ “ለእርቅ፦ ኬክ 2”። ኬክ ግን ቤት ውስጥ የለም። ገና ያልወጣ ወጪ መዝግቧል። ባንክ ቤት ቢሆን በዚህ ብቻ ይባረራል። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁና “እርቅ” የሚለውን ሰርዤ “ዕርቅ” ብዬ አስተካከልኩ፤ ሌላ ምንም አልጻፍኩም። በማግስቱ ሲመጣ በካርቶን የተጠቀለለ ኬክ ይዟል። ከመስመሩ አጠገብም “በእርማቱ መሠረት ተፈጽሟል” ብሎ ፈርሞበታል። እኔም “አንተ፣ እጅህን ታጠብና ቅረብ” አልኩት። አከራያችን ይህን የሰሙ ለት ምን ያህል እንዳዘኑብኝ አልነግራችሁም።

በነገራችን ላይ ያ ሲኒ ነጭ ጋዙን እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ቡፌው ውስጥ ከወንድሞቹ ኋላ፣ ለብቻው አለ።

እነዚያን ዓመታት ሳስብ ሕጉም ከእሱ ጋር እንደነበር ትዝ ይለኛል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር፤ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ሲወጣ ይህ ቀረ፤ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አመራር እኩል መብት አላቸው ተባለ፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሴት ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። የመጨረሻው ብዙ ልጃገረዶችን ያዳነ ቁም ነገር ነው፤ የማስተምራቸው ሴቶች ልጆች ፊት እየመጣብኝ ደስ ብሎኛል። ባሌ ነጋሪት ጋዜጣውን ገዝቶ መጣ፤ ዋጋውን መዘገበ፤ ቁጭ ብሎ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣

“እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አለቃ አይደለሁም ማለት ነው?” አለኝ።

“መቼ ነበርክ?”

“ስምንት ዓመት ሙሉ! በሕግ!”

“ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ?”

ከምር ቅር አለው። ሥልጣን እንደነበረው ያወቀው በተሻረበት ቀን ነው።

ሬዲዮኑን ሳላነሣ ባልፍ ትዝታው ጎደሎ ይሆናል። ፊሊፕስ ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረ። ባሌ ሬዲዮ አያዳምጥም፤ ከሬዲዮ ጋር ይከራከራል። ማታ አንድ ሰዓት ሲል የጀርመን ድምፅን ይከፍታል። የዶይቸ ቬለ የአማርኛው ክፍል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ እሱም ከልጅነቱ፣ ከአባቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ሲሰማው ያደገ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ነበር። በመካከሉ “አይደለም!”፣ “ማን አለህ?”፣ “እሱን እንኳ ተወው!” እያለ መልስ ይሰጣል። መንገደኛ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ባልና ሚስት የተጣሉ ይመስለዋል። እኔ ግን ጥግ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር አርማለሁ።

የሬዲዮኑ ድንጋይ ሲደክም አዲስ መግዛት የሚባል ነገር የለም። ድንጋዮቹ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። ይህ የእሱ ብቻ ዓመል አይደለም፤ ባላገሩም ከተሜውም ያውቀዋል። ሙቀቱ በድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ኬሚካል ትንሽ ስለሚያነቃቃው ለአንድ ማታ ዜና የሚበቃ ጉልበት ይገኝበታል። ባሌ ግን ሥርዓት አበጀለት። እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ስንት ጊዜ ፀሐይ እንደሞቀ ደብተሩ ላይ ይመዘገባል። በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ ድንጋዮቹን ከምጣዱ አጠገብ አሰልፎ ያገኘኋቸው ጊዜ አለ። እንጀራ እየጋገርኩ የድንጋይ ዘበኛ ሆኜ ዋልኩ።

አንቴናው ደግሞ ከነሐስ ሽቦ ጋር ተያይዞ ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ይወጣል። በ1990 ግንቦት የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የቤቱ ጨዋታ ሁሉ ተለወጠ። ታናሽ ወንድሙ ወታደር ነበር። በዚያ ሰሞን ሞገዱ ይንሻፈፋል፤ ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ማታ ሽቦው ተፈትቶ ላስረው መስኮቱ አጠገብ ቆሜ በእጄ ስይዘው ድምፁ ጥርት አለ። ስለቀው ሸሸ። “እዚያው ቁሚ! አትነቃነቂ!” አለ። ከዚያ ማታ ጀምሮ የቤቱ አንቴና እኔ ሆንኩ። የሰው ገላ ሞገድ ይስባል አሉ፤ እኔ እንጃ፤ ብቻ አዛኝቱን እየለመንኩ ሽቦ ይዤ እቆማለሁ፤ እሱ ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ይለጥፋል። በዚያ ሁሉ ማታ አንድም ጊዜ አልተከራከረም። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት መፈረሙን የሰማነውም እንደዚያው ቆሜ ነው። ወንድሙ በሰላም ገባ። በገባ በማግስቱ ባሌ ጋዜጠኛውን “ማን አለህ አንተ!” ሲለው ስሰማ፣ ሽቦውን ለቅቄ ወጥ ላማስል ሄድኩ።

ስለ ማንኮራፋቱ ብዙ አልጽፍም። አጭሩን ልንገራችሁ፤ በ1997 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተመዝግበን፣ ዕጣ ወጥቶልን፣ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ስንገባ የጎን ጎረቤታችን በሳምንቱ መጥቶ “ጋሼ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሦስት ተኩል እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ሰዓት አያስፈልገኝም” አለኝ። ቅር ያለው አይመስልም ነበር። ብሎኬቱ ስስ ነው።

የጀሞ ዘመን ግን ሌላ ትዝታ ይዞ መጣ። ሊፍት የለም፤ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ እሱም ሲፈቅድ። የፎቁ ሰው ሁሉ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ቀድሞ የነቃ በርሜሉን ይሞላል። ባሌ እዚህ ላይ አበራ። ቧንቧውን ከፍቶ፣ ከሥሩ የኒዶ ቆርቆሮ ክዳን ደፍቶ ይተኛል። ውሃ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ክዳኑ ላይ “ጣ!” ትላለች። የራሱን ማንኮራፋት የማይሰማውን ሰው ያቺ ጠብታ ታስነሣዋለች። “መጣች!” ብሎ ይዘላል። ጀሪካኖቹ ሁሉ ቁጥር አላቸው፤ አንድ ቁጥር ለመጠጥ፣ ሁለት ቁጥር ለወጥ፣ እያለ ይወርዳል። እኔ በሌሊት ልብሴ ጆግ ይዤ ከኋላው እሮጣለሁ። በርሜሉ ሞልቶ ሲያልቅ እንቅልፍ የት ይገኛል፤ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን። ትልልቁን ነገር ሁሉ፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የእናቴን ሕመም፣ ጡረታውን፣ የተነጋገርነው በእነዚያ የውሃ ሌሊቶች ነው። ውሃ በቀን ቢመጣ ኖሮ ይህን ያህል ባልተነጋገርን ነበር።

በዚያው ዘመን የእኔ ሌላው ዓመል ጠናብኝ። ከቤት ወጥቼ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥኩ “ቡታጋዙን ዘግቼዋለሁ?” የሚል ሐሳብ ይይዘኛል። ከያዘኝ አይለቀኝም። ከመንገድ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ፣ አራት ፎቅ ወጥቼ ተዘግቶ እንዳገኘሁት፣ ለሠርግም ለቀብርም ስንት ጊዜ እንዳረፈድን ቤት ይቁጠረው። ልጆቻችን “ማሚ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ” አሉኝ። እህቴ ጠበል አለችኝ። ባሌ ምንም አላለም። አንድ ቀን ለመልስ ጥሪ ስንወጣ በሩ ላይ ቆሞ ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ፦ “ቡታጋዝ ተዘግቷል። በር ተቆልፏል። ካውያ ተነቅሏል። ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5፡40።” ከሥሩ ፊርማውን ባንክ ቤት እንደሚፈርመው አድርጎ ፈርሟል። ደረሰኝ ነው። ቶታል ሦስት ቁጥር ማዞሪያ ስንደርስ ሐሳቡ መጣብኝ፤ ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቱን አነበብኩ፤ ተረጋጋሁ። “ተዘግቷል” የሚለው ፊደሉ ልክ ስለነበር እርማትም አላስፈለገውም። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ሳይቆርጥልኝ አንወጣም፤ የቀድሞዎቹንም አልጣልኳቸውም፤ በፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉም በሌላ ፌስታል ውስጥ አሉ። (ፌስታል የማጠራቀሙን ነገር አልጽፈውም፤ እሱን የማታደርግ ሴት ካለች እጇን ታውጣ።)

እንደሚመስለኝ ሰው ዓመሉን አይተውም፤ ቤቱ ውስጥ ሥራ ይሰጠዋል እንጂ። የባሌ የቆጠራ አባዜ ስሙኒ ፍለጋ ሲያስነሣው በሽታ ነበር፤ ለእኔ ጭንቀት ደረሰኝ ሲቆርጥ መድኃኒት ሆነ። ቡናችንም ቢሆን በዚሁ መንገድ ነው የተስተካከለው። እሱ ከአቦል በቀር አይቀምስም፤ ቶናና በረካ ለእሱ የታጠበ ውሃ ነው። እኔ ደግሞ አቦሉ ልቤን ይመታዋል፤ የምወደው ቶናውን ነው። በረካውን ያቺ ነጭ ጋዝ ያወዳጀን የፈረንሳይ ለጋሲዮኗ ምራት፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየችው፣ ስትመጣ ትጠጣዋለች። አንድ ጀበና ያለ አንዳች ጠብ ያልቃል። ሁለታችንም አቦል ወዳጆች ብንሆን ኖሮ ነው መጣላት።

በኢትዮጵያ ጨዋታ ውስጥ የዓመለኛ ባል አብነቱ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የአለቃንና የባለቤታቸውን የወይዘሮ ማዘንጊያን ቀልድ ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። አለቃ ተራ ቀልደኛ አልነበሩም፤ ሊቅ ነበሩ፤ ተክሌ የሚባለው የአቋቋም ስልት እስከ ዛሬ ከስማቸው ጋር ይነሣል። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ ወሬው ሁሉ በእሳቸው አፍ ነው። እሳቸው ተናገሩ፣ እሳቸው መለሱ፣ እሳቸው አሳቁ። ወይዘሮ ማዘንጊያ የሚያስቅ ባል ይዛ ወጥ ስታማስል ምን ትል እንደነበር የጻፈ የለም። እኔ ብሆን ቀይ እስክሪብቶ አቀብላት ነበር።

የድሮዎቹን ደብተሮች በማዳበሪያ ከረጢት አድርገን ነው ጀሞ ያመጣናቸው። ተሸካሚዎቹ “ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው?” ሲሉ ባሌ “ሽንኩርት ነው” አላቸው፤ ሐሰትም አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ምሽት አንዱን አውጥተን በባትሪ እናነብባለን። ልጆቹ የተወለዱበት ቀን እንኳ በወጪ በኩል ነው የሚገኘው፦ “ታክሲ፣ ሌሊት፣ ተጨማሪ ጠይቆ” ይልና ቀጥሎ “አጃ፣ ተልባ፣ የገንፎ ቅቤ”። ደስታው ያለው የቅቤው መጠን ላይ ነው፤ ባሌ ዋጋ ሳይከራከር የገዛው ብቸኛ ቅቤ ነው። አባቴ የሞተበት ሳምንት ባዶ ነው። ምንም አልተጻፈበትም፤ እኔም ያረምኩት የለም። “ለዕርቅ፦ ኬክ” የሚለው መስመር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ እየቆየ ይራራቃል። መራራቁ የተስማማን ያስመስላል፤ እውነቱ ግን ስኳር ወጣብኝና ኬኩ ቀረ። አሁን የዕርቁ ብርቱካን ነው፤ ወጪው ግን በድሮው ስሙ ይመዘገባል፤ መደብ መለወጥ አይወድም።

ባሌ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አንብቦ “ሦስት ቦታ ላይ የቁጥር ስሕተት አለብሽ” ብሎኛል። የትኞቹ እንደሆኑ አልጠየቅሁትም። ልጄ ደግሞ ልታገባ የተሰናዳች ጓደኛዋን ይዛ መጥታ ለሙሽራዋ ምክር እንድሰጥ ጠየቀችኝ። ዓመል ላይ ምክር የለኝም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ አለው። አንድ የምመክረው የሚጨበጥ ነገር ግን አለ፤ ለእናንተም ይሁናችሁ። ዛሬ ባሌ የሬዲዮን ድንጋይ ትቶ የሪሞቱን ድንጋይ በረንዳ ላይ ያሰጣል፤ የእናንተም ሰው እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ አትከልክሉት። ያረጀ ድንጋይ ግን ያፈስሳል፤ ያፈሰሰው ነጠላ ላይ ከደረሰ በሎሚም ሞክሬዋለሁ፣ በበረኪናም ሞክሬዋለሁ፣ አይለቅም። ድንጋዩን ከልብስ ማስጫው ራቅ አድርጎ እንዲያስቀምጠው ንገሩት።